መምህር በምን ይቆያል?

ሰኔ ሲገባደድ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ወረፋ ይታያል። አንደኛው ካርድ የሚቀበሉ ተማሪዎችና ወላጆች ወረፋ ነው። ሁለተኛው አጠር ያለ ነው፤ የሚለቅቁ መምህራን የክሊራንስ ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ የሚዞሩበት። ቤተ መጻሕፍቱ የተዋሱትን መጽሐፍ ይረከባል። ንብረት ክፍሉ ጋዋኑንና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይቀበላል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ማርክ ሊስቱን ገጽ በገጽ አይቶ ይፈርማል። ሒሳብ ክፍሉ ዕዳ እንደሌለባቸው ያረጋግጣል። ፊርማው ሲሟላ የሥራ ልምድ ይጻፋል፤ በሥራቸው ታታሪ፣ በጠባያቸው ምስጉን እንደነበሩ አንድ መስመር ይጨመርበትና ማኅተም ያርፍበታል። ብዙ ሳይቆይ በግቢው በርና በቴሌግራም የፊዚክስ መምህር እንደሚፈለግ ማስታወቂያ ይወጣል።

ይህ በማንኛውም ትምህርት ቤት የሚታይ ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲታይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአገራችን ወላጅ ለአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ደጅ የሚጠናባቸው፣ በሥርዓታቸውና በውጤታቸው ስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤቶች ናቸው። መምህሩም ሲለቅ ትምህርት ቤቱን አያማርርም፤ ተማሪው ጨዋ ነው፣ ክፍለ ጊዜ አይባክንም፣ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይገባል ይላል። ይህን ሁሉ ብሎ ይሄዳል። እየወደደ የሚሄድ ሰው ምን ጎድሎት ነው? መልሱን የምፈልገው ካቶሊክ እምብዛም ከማይገኝበት አገር ተነሥቼ ነው።

መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ናት። በሰሜን ጉናና ደብረ ታቦር፣ በምሥራቅ ስማዳ፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ጋይንት፣ በደቡብ የዓባይ ሸለቆ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የዚህ አገር ልማድ አይደለም። የእስቴ ልጅ የሚያገኘው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲዘልቅ ነው፤ አንዳንዱ በተማሪነት፣ አንዳንዱ ዲግሪውን ይዞ በመምህርነት። ነገር ግን ስለ መምህር መቆየት የሚያስተምር ቦታ ቢፈለግ ጋይንትን የሚያህል አላውቅም።

ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የሚማር ሰው የትም ይማር የት፣ መምህር ለመባል ቤተልሔም መጥቶ በየኔታ ፊት ማስመስከር አለበት። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ይመጣል። ቅኔውን ዋሸራ፣ አቋቋሙን ጎንደር፣ ድጓውን ቤተልሔም እያለ ዕድሜውን በመንገድ ይጨርሳል። ወንበሩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የኔታ አንድ ጊዜ ጉባኤ ከተከሉ እዚያው ያረጃሉ፣ እዚያው ያርፋሉ፤ ካስመሰከሩት ደቀ መዛሙርት አንዱ ወንበሩን ይረከባል። በአብነት ትምህርት ቤት የሚንከራተተው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ቋሚ ነው። በአስኳላው ትምህርት ቤት ተማሪው በሰፈሩ ተቀምጦ ከፊቱ መምህር ይለዋወጣል።

ለየኔታ መቆየት ብዙዎቻችን የምንሰጠው ምክንያት መንፈሳዊነት ነው። እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የደብሩ አገልጋይ መሬት ነበረው። ድጓ የሚያስተምር ድጓ በማስተማሩ፣ የሚቀድስ በመቀደሱ፣ የሚመራ በመምራቱ ከደብሩ መሬት ድርሻውን ይዞ ያርሳል ወይም ያሳርሳል። ማስተማሩን የተወ መሬቱን ይተዋል፤ ወደ ሌላ ደብር የሄደ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ላይ ክብሩ አለ፦ በሰርግ፣ በተዝካር፣ በሽምግልና የኔታ ሳይመጡ ማዕድ አይባረክም። ተማሪም አለ፤ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ሲታመሙ የሚያስታምም። የመምህሩ እንጀራ፣ ማዕረግና ጧሪ ሦስቱም ከአንድ ቦታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። እንዲህ ተይዞ የሚለቅቅ ሰው ጥቂት ነው።

ማስረጃው መሬቱ ሲሄድ የሆነው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የደብር መሬትም አብሮ ሄደ። ወንበሩ ከዚያ ወዲህ በምእመናን መዋጮና በተማሪው ልመና ቆመ። ቤተልሔምም ዙር አምባም እስከ ዛሬ አሉ፤ ይህ የሚያስደንቅ ጽናት ነው። ግን ስንት መሪጌታ ጉባኤውን አጥፎ ደመወዝ ወዳለበት የከተማ ደብር እንደወረደ በዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። የኔታም እንኳ ነገአቸው ከቦታው ሲላቀቅ ይሄዳሉ። ይህ ጽሑፍ የሚለው ነገር ይኸው ነው፦ መምህር የሚቆየው ነገው ከትምህርት ቤቱ ጋር ሲታሰር ነው። ፍቅርና ጥሪ ያመጡታል፤ ለማቆየት ግን ብቻቸውን አይበቁም።

አሁን ወደ ካቶሊኮቹ እንምጣ፤ ታሪካቸው በዚህችው በበጌምድር በኩል ያልፋል።

አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን የዜማ ምልክት የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1557፣ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ የሚባል የኢየሱሳውያን ጳጳስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አገራችን ገባ። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን አልተቀበለም። ኢየሱሳውያኑ በኋላ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና በሚባል ቦታ ተቀምጠው፣ በግራኝ ጦርነት መጥተው የቀሩትን ፖርቱጋሎችና ልጆቻቸውን ያገለግሉና ያስተምሩ ጀመር። ችግሩ ተተኪ ነበር። ኦቪዬዶ በገባበት ዓመት ቱርክ ምጽዋን ያዘ፤ ከሕንዷ ጎዋ ሌላ ሰው መላክ አዳጋች ሆነ። ኦቪዬዶ በ1577 ሞተ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አለቁ፤ የመጨረሻው ፍራንሲስኮ ሎፔስ በ1597 ሲያርፍ ወንበሩን የሚረከብ አልነበረም። ጌራና ራጉኤል በደቀ መዝሙር ተተክተዋል። የፍሬሞናዎቹ ግን መምህራቸውን የሚያገኙት ከባሕር ማዶ ስለነበር፣ መንገዱ ሲዘጋ ትምህርታቸውም ተዘጋ።

በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ ፍሬሞና ደረሰ። ቋንቋ የተማረ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ሥራውን የጀመረው በልጆች ነው፤ ትምህርተ ሃይማኖቱን ወደ አማርኛ አስመልሶ አስጠናቸው፣ በዓመቱ አፄ ዘድንግል ፊት ቀርበው በቃላቸው አሉት። ኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ተቀመጠ፤ ንጉሡን ወዳጅ አደረገ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ፣ አገሩን አወቀ። ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ በገለጠበት በ1622 ፓኤዝ ሞተ። በ1625 በሱ ቦታ ትልቅ ሹመት ይዞ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ሜንዴዝ የፓኤዝ ተቃራኒ ነበር። ቄሱ እንደገና ይካን፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ እንደ ሮም ይሁን አለ። ላስታ ሸፈተ፣ በጌምድር ታመሰ፣ ደም እንደ ውኃ ፈሰሰ። በሰኔ 1632 ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፤ ልጁ ፋሲለደስ ነገሠ፣ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ።

የሃይማኖቱን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። ለእኔ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ፓኤዝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያከማቸው የሰው ዕውቀት ወደ ሜንዴዝ አልተላለፈም፤ ሜንዴዝ ወንበሩን ተረከበ እንጂ ሰውየውን አልተረከበም። የመጽሐፍ ጠባቂ ሲቀየር መጽሐፉ አለ። መምህር ወይም ርዕሰ መምህር ሲቀየር ግን አብሮ የሚሄደው በክሊራንስ ወረቀት ላይ የማይጻፈው ነው፦ የትኛው ልጅ ቤት አባት እንደሌለ፣ የትኛዋ ልጅ ሰሌዳ አጥርቶ እንደማይታያት፣ የትኛው ወላጅ ሲቆጣ ምን እንደሚያበርደው።

በነገራችን ላይ የኋለኛዎቹ ካቶሊኮች ይህን ተገንዝበው ነበር። በ1839 የመጣው ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ዋና ሥራው ያደረገው የአገሩን ሰው መምህር ማድረግ ነው። ከእስቴ ዓባይን ተሻግሮ ያለው የመርጡለ ማርያም አገር፣ ዲቦ የተወለዱት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል የዚህ ፍሬ ናቸው። በአገራቸው ትምህርት የበሰሉ ሰው ነበሩ፤ ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ ከደ ያቆቢስ ጋር አስተማሩ፣ በ1855 በእስር እያሉ አረፉ። በመርከብ መምጣት የማያስፈልገው መምህር ማለት ይህ ነው።

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዛሬ ላለበት ችግር ቁልፉ ግን ፈረንሳይ አገር ሬምስ ከተማ ነው ያለው። ዣን ባቲስት ደ ላ ሳል በ1651 ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ፤ ገና በወጣትነቱ የካቴድራሉ ባለ ማዕረግ ካህን ሆኖ ዳጎስ ያለ ገቢ ነበረው። በ1679 ለድሆች ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት ለመክፈት የመጣን አንድ መምህር ሲረዳ ሳያስበው በሥራው ውስጥ ተዘፈቀ። መምህራኑ በቂ ትምህርት የሌላቸው፣ ክፍያቸው ትንሽ፣ አኗኗራቸው ሥርዓት ያጣ ነበሩ። ቤት ተከራየላቸው፤ ከዚያም ዘመዶቹን እያስቆጣ ወደ ገዛ ቤቱ አስገባቸው። ያም ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ ጥለው ሄዱ። አዳዲስ መጡ፤ እነሱም ስለ ነገ መጨነቅ ጀመሩ። ብንታመም፣ ብናረጅ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ማን አለን? አሉ። ደ ላ ሳል በእግዚአብሔር ታመኑ ብሎ ሰበካቸው። መልሳቸው እስከ ዛሬ ይነገራል፦ አንተ ሀብትም ማዕረግም አለህ፤ ይህ ሁሉ ቢፈርስ አትወድቅም፣ እኛ ግን ወድቀን እንቀራለን፤ እንዲህ ማለት ላንተ ቀላል ነው የሚል ነበር።

እኔ በትምህርት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የደመወዝ ክርክር አላነበብሁም። ደ ላ ሳልም አልተከራከረም። በ1683 ማዕረጉን ለቀቀ፤ ተከትሎ በመጣው የረሃብ ክረምት ሀብቱን ለድሆች አከፋፈለ። የራሱን ነገ ከመምህራኑ ነገ ጋር አሰረ። ከዚያ በኋላ ነው መምህራኑ መርጋት የጀመሩት። ከነሱ የተወለደው የወንድሞች ማኅበር በዓለም ዙሪያ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ሮም በ1950 ደ ላ ሳልን የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብላ ሰየመችው። አዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የዚሁ ማኅበር ሥራ ነው።

የካቶሊክ ማኅበራት ለዚህ ጭንቀት የነበራቸው መፍትሔ ስእለት ነበር። ወንድሙ ወይም ሲስተሯ አያገቡም፣ የግል ደመወዝ አይቀበሉም፣ ማኅበሩ ያበላቸዋል፣ ያሳክማቸዋል፣ ይጦራቸዋል፣ ይቀብራቸዋል። ለትምህርት ቤቱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የቤት ኪራይ የማይከፍል፣ የልጅ ወተት የማይገዛ፣ እስከ ሞቱ የማይለቅቅ፣ ማታም ቅዳሜም የሚሠራ ሰው በምግብና በመኝታ ብቻ ተገኘ ማለት ነው። አንዱ ቢታመም ማኅበሩ ሌላ ይልካል።

በአገራችን የዚህን ጥቅም ቀድሞ ያየው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተማረ ሰው አልቆ መምህር ጠፍቶ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለካናዳውያን ኢየሱሳውያን በአደራ ተሰጠ። የ1632ቱ ትዝታ አልጠፋምና የመጡት በመምህርነት ብቻ ነው፤ የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከነሱ አንዱ፣ ሉሲየን ማት፣ ሆኑ። አፄ ፋሲለደስ ያባረሩትን ማኅበር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ ጠርቶ የልጆቹን ትምህርት አደራ የሰጠበት አንዱ ምክንያት፣ ማኅበር ሲመጣ ተተኪውንም ይዞ ስለሚመጣ ይመስለኛል።

ያ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም ምንኩስና የሚገባ ወጣት እያነሰ ሄደ። በአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በ1920 ከመቶ መምህራን 92ቱ መነኮሳት፣ ሲስተሮችና ካህናት ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። እኛም ዘንድ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲስተሯ ወይም አባ ቢሮ ውስጥ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ የቆመው ያገባ፣ የወለደ፣ ብዙውን ጊዜ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት የሆነ ተራ መምህር ነው። ኢየሱሳውያኑም ወደ ጣና ዳር ተመልሰው ባሕር ዳር ላይ የዓባይ ማዶ ካቶሊክ አካዳሚን ያስተዳድራሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል። ቤቱ አለ፣ ስሙ አለ፣ ሥርዓቱ አለ። የጠፋው ስእለቱ በዝምታ ይሸፍነው የነበረው ወጪ ነው። በብዙ ቦታ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ መምህሩ አሁንም መነኩሴ እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ የሚጠበቅበት ቅዳሜ ቱቶሪያል፣ ክበብ፣ ሥርዓተ ጸሎት፣ የወላጅ ቀን የመነኩሴ ነው፤ ኑሮው ግን የባለ ትዳር ነው።

አንድ የመካነ ኢየሱስ ልጅ እናስብ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሮ እዚያው ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀጥሯል። ሥራውን ይወዳል። ላብራቶሪ አለው፤ ማይክሮስኮፕ ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት ሊያገባ ያስባል፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹን ማየት ይጀምራል። መንግሥት ትምህርት ቤት የገባው ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህርነት ደረጃ ወጥቷል፤ ከፊቱ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር የሚል የሚታወቅ መሰላል አለ። በክረምት ሁለተኛ ዲግሪ ይማራል። ከባልደረቦቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ይጠባበቃል። የኛው ልጅ የዛሬ ደመወዙ ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ መሰላሉ ግን የለውም። ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን የሚነግረው የለም። ሬምስ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ባሕር ዳር ላይ ተደገመ።

ያ የደመወዝ ብልጫም እየጠበበ ነው። ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ መንግሥት የሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000፣ ከፍተኛውን ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ አድርጓል። ገንዘቡ ከበጀት ይመጣል። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ገንዘብ ከወላጅ ክፍያ ይመጣል፤ ክፍያው ደግሞ ከወላጅ ጋር ተመክሮበት ለዓመቱ የተቆረጠ ነው። ትምህርት ቤቱ ቢፈልግም ወዲያው መከተል አይችልም። ሕጉም አያግዘውም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የትምህርት ዓመት አሥር ወር ነው። የካቲት ላይ የለቀቀ የኬሚስትሪ መምህር ሕግ አልጣሰም፤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪው ግን ዓመቱ አልቋል። ሠራተኛው መብቱን ይጣ አልልም። መብቱን የሚጠቀምበት ምክንያት ይቀንስ እላለሁ።

ነገሩ በአንድ ትምህርት ቤት የሚቆም ቢሆን አንድ ነገር ነበር። መምህር የሚፈስሰው በመስመር ነው። አዲስ አበባ ያለው ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከባሕር ዳሩ ይወስዳል። የባሕር ዳሩ ቦታው ሲጎድል ከደብረ ታቦር ይወስዳል። ደብረ ታቦር ከእስቴና ከስማዳ ይወስዳል፤ በዝውውር፣ በትዳር ምክንያት፣ በሕመም ማስረጃ፣ በስምምነት ቅያሪ። ስማዳ ከማን ይውሰድ? የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለችው የቆላ ትምህርት ቤት ከኮሌጅ የወጣ አዲስ ልጅ ትጠብቃለች፤ እሱም እንደ ደረሰ የዝውውር ነጥቡን መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ በከተማ ያለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህሩን ማቆየት ሲያቅተው ጉዳቱ በወላጆቹ ብቻ አይቀርም፤ በማያውቀው የገጠር ክፍል ውስጥ ወንበር ባዶ ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ደግሞ በዚህ ላይ ተጨመረ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ፣ መምህሩም ደኅንነት ወዳገኘበት ሄደ። ሰላም ሲሆን ሕንፃውን መጠገን ይቻላል፤ የተበተነውን መምህር መሰብሰብ ግን ከሕንፃው የከበደ ሥራ ይሆናል።

መለዋወጡ ተማሪውን ምን ያህል ይጎዳዋል? ሮንፌልት፣ ሎብና ዊኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በኒውዮርክ ከተማ በስምንት ዓመት ውስጥ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን 850,000 ያህል የውጤት መዝገብ መረመረ። መምህራን በብዛት በተለዋወጡበት የክፍል ደረጃ የተማሪው የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ዝቅ ይላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው፣ የራሳቸው መምህር ያልሄደባቸው ልጆችም መጎዳታቸው ነው። የቀሩት መምህራን አዲሱን በማለማመድ ይጠመዳሉ፤ አብሮ ማቀድ ይቀራል፤ ማን ምን እንዳስተማረ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። የሄደው አንድ ነው፣ የጎደለው የሁሉም ነው።

መምህር ብቻም አይደለም የሚለቅቀው። ሬጅስትራሯ ስትሄድ የአሥር ዓመት ትራንስክሪፕት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ ሲሄድ ማይክሮስኮፑ በሣጥኑ ይቀመጣል። በር ላይ ያለው ጥበቃ የትኛውን ልጅ ማን እንደሚወስደው በመልክ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱን መተካት ዩኒፎርም ከማልበስ ያልፋል። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ የሆነ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፦ ርዕሰ መምህሯ ሲስተር የማኅበሯ ታዛዥ ናት፤ አለቃዋ ወደ ሌላ አገር ሂጂ ስትላት ትሄዳለች። መምህራኑ ገና ሲላመዷት አዲስ ትመጣለች፣ አዲሷም አዲስ ሥርዓት ትዘረጋለች። ታዛዥነቱን አከብራለሁ። ግን ከፓኤዝ ወደ ሜንዴዝ የተደረገውን ሽግግር ያነበበ ማኅበር ተተኪዋን ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት ከቀዳሚዋ ጎን ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

ምን ይደረግ ለሚለው የጋይንትን መንገድ አስቀድማለሁ። በቤተልሔም ወንበሩን የሚረከበው በዚያው ወንበር ሥር ያደገ ሰው ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑልን ብለው ሲያወድሱ እሰማለሁ፤ ከመካከላቸው ጎበዞቹን መርጠው፣ በመምህርነት አስተምረው፣ ወደ ግቢው የሚመልሱ ግን ጥቂት ናቸው። ይህ ለትምህርት ቤቱ ከማስታወቂያ የሚረክስ ሥራ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ደብሩ መሬት ነበረው፤ ብዙ ሚሲዮንም ቦታ አለው። በግቢው ጥግ የመምህራን መኖሪያ መሥራት፣ ካልተቻለ የቤት ኪራይ ድጎማ መስጠት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ማቋቋም መምህሩን ከቦታው ያስራል። የመምህሩ ልጅ እዚያው በነፃ ወይም በግማሽ ክፍያ ከተማረ፣ ልጁ 8ኛ ክፍል እስኪጨርስ አባቱ ክሊራንስ አይጠይቅም። ሦስተኛው መሰላሉ ነው፤ አንድ መምህር በ3ኛ፣ በ6ኛና በ10ኛ ዓመቱ ምን እንደሚያገኝ ተጽፎ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይለጠፍ። በአለቃ ፈቃድ የሚወሰን ጭማሪ ማንንም አያቆይም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከክፍያ ይመጣል፣ ክፍያው ከወላጅ። ስለዚህ የመጨረሻው ቃሌ ለወላጅ ነው። መስከረም ላይ ለስብሰባ ስትጠሩ ስለ ዩኒፎርሙና ስለ አውቶቡሱ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ አምና ልጄን ካስተማሩት መምህራን ስንቶቹ ዘንድሮ አሉ ብላችሁ ጠይቁ። ጭማሪ ሲጠየቅም ስንቱ ለመምህራን ደመወዝ እንደሚውል በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና፣ መልሱ ካረካችሁ ሳትከራከሩ ክፈሉ።